ኪስ ውስጥ የቆየች እጅ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይስፈን። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት አሮጌ ከተማና እዚያ ስለነበሩ አንድ ልብስ ሰፊ ሽማግሌ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም። ከጠራሁ፣ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ «እሳቸው እኮ የኛ አያት ናቸው» እያለ በር ላይ የሚያቆመኝ ሰው አላጣም። በግንብ የተከበበች፣ መንገዶቿ ሁለት የተጫኑ አህዮች ጎን ለጎን የማያሳልፉ ከተማ ነበረች ካልኳችሁ ይበቃል።

በዚያች ከተማ ልብስ የሚሰፋው በየቤቱ ነበር። እናት ለልጇ፣ ሚስት ለባሏ፣ ሱሪውንም ጉርዱንም ራሷ ቆርጣ ራሷ ትሰፋለች። ሴቶቹ ከቀሚስ ስር ሱሪ የመልበስ ልማድ ስላላቸው ሥራው ብዙ ነው፤ እጃቸውም የተመሰገነ ነው። የሚያስቸግራቸው ኪስ ብቻ ነበር። በዓይን ገምተው ይቆርጡታል፤ ወይ ጠቦ እጅ አያስገባም፣ ወይ ቁልፍ ሲከቱበት ይተረተራል፣ ወይ ደግሞ ጎን ላይ ተንጠልጥሎ ሰውን ያሳፍራል። ስለዚህ ልብሱን ጨርሰው፣ ለኪሱ ብቻ ወደ ሸህ ሙዘሚል ይዘውት ይሄዱ ነበር።

ሸህ ሙዘሚል ኪስ የሚለኩት በእጅ ነው። ወንድ ከሆነ መዳፉን ጨርቁ ላይ ያስተኙና በስባሪ ሳሙና ዙሪያውን ያሰምራሉ። ሴት ከሆነች ሳሙናውን ለራሷ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ከዚያ ከመስመሩ ጥቂት አስፍተው ይቆርጣሉ፤ የኪሱን ከረጢት ሁለቴ ይሰፉታል፤ ጫፉን ሽቅብ ከወገቡ ጋር ያያይዙታል፣ ክብደቱ ጎን ስፌት ላይ እንዳይወድቅ። የአፉን ጥግ ጥግ ደግሞ በወፍራም ክር ደጋግመው ይቋጥሩታል። ሱሪው አልቆ ለመወልወያ ሲሆን እንኳ ኪሱ ደህና ነበር ይባላል።

ልብሱ ተሰፍቶ ያለቀ ስለሆነ የሚተርፍ ጨርቅ አይመጣም። ኪሱን የሚቆርጡት ከራሳቸው የቁራጭ ጥቅል ነው። ባለቤቱ ወዶ የተወው ቁራጭ የሰፊው ነው፤ ይህ በሙያው የታወቀ ልማድ ስለሆነ ማንም አይከፋበትም። በዚያ ላይ ሸህ ሙዘሚል በአማና፣ በአደራ ጠባቂነት፣ የተመሰከረላቸው ሰው ነበሩ። ወደ ሐጅ የሚሄድ ሰው የቤቱን ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ያስቀምጣል። «ሙዘሚል ዘንድ ነው» ከተባለ ነገሩ አበቃ፣ ሰው ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዘይቱና እንምጣ። ዘይቱና ከሩቅ አገር ተድራ የመጣች ወጣት ሴት ናት። ባሏ በንግድ ርቆ ሄዶ እሷ ከአማቷ ከእሜት ረውዳ ጋር ትኖራለች፤ ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ አለቻት። ለራሷ ሰማያዊ ጉርድ ሰፍታ እንደ ሌላው ሰው ለኪሱ ወደ ሸሁ ወሰደችው፤ ቆንጆ ኪስ ወጣለት። ለብሳውም ገበያ ወረደች።

ጊዜው ቀትር ነበር፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ገበያው ግጥም ብሏል። ጨው ልትገዛ ቆማ መሐረቧን ለማውጣት እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ኪሱ ውስጥ እጅ ነበረ። አይጥ ቢሆን በሮጠ፣ እባብ ቢሆን በነደፈ። ይህ ግን ያዛት። ለብ ያለች ትንሽ እጅ ናት፤ አያያዟ የሚያውቁትን ሰው አያያዝ ነበር። ዘይቱና መጀመሪያ አልጮኸችም። የጮኸችው የማታውቀው እጅ እንደሚያውቃት ሲገባት ነው።

እቤት ስትደርስ እሜት ረውዳ እጃቸውን ከተቱ፤ ምንም የለም። ኪሱን ገለበጡት፤ ጨርቅ ነው። ጉርዱን አጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ ቁርኣን አስነበቡበት። ዘይቱና መልሳ ስትለብሰውና እጇን ስትከት ግን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አማቷ ፊት፣ ፊቷ ገረጣ።

«እማ፣ ያዘችኝ» አለች።

«ማን?»

«እንጃ። ትንሽ ናት።»

ጂን ለማስወጣት ሩቅያ የሚያነብ ሰው ተጠራ። አነበበ፤ ዘይቱና ዝም ብላ አዳመጠች፤ አልወደቀች፣ አልተንፈራገጠች። ከዚያ ሰውዬው ለማጣራት ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። የሰማነው እሜት ረውዳ ከተናገሩት ነው፤ እጁን መንጭቆ አወጣውና በሌላው እጁ ሸፈነው። «ጂኑ ያለው ሴትየዋ ላይ ነው» ብሎ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ወጣ።

ለምን እንዲህ አለ? ጨርቁ ላይ ነው ቢል «ማን ሰፋው?» ይባላላ። የሸህ ሙዘሚል ሥራ እንከን አለበት ብሎ የሚናገር አፍ ደግሞ በከተማዋ አልነበረም። ኪሱ ንጹህ ከሆነ፣ ጥፋቱ እጇን የከተተችው ላይ ነው። ሰው እንዲህ አድርጎ ያስባል፤ ዛሬም። ወሬው በአንድ ጊዜ ከተማውን አዳረሰው፤ ጎረቤት ልጆቹን ከዘይቱና ማራቅ ጀመረ።

እሜት ረውዳ ክፉ ሴት አልነበሩም። ለልጅ ልጃቸው ፈሩ። ዘይቱና ወደ አባቷ አገር እንድትመለስ፣ ሕፃኗ ግን እዚሁ እንድትቀር ወሰኑ። ዘይቱና ለመነች፣ ማለች፣ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ አልሆነም። ሆኖም ህሊናቸው አላሳርፍ ስላላቸው፣ በቅሎው ከመጫኑ በፊት አንድ ቃል ከሸሁ አፍ ለመስማት ጉርዱን ይዘው ሄዱ። ዘይቱና ልጇን አዝላ ተከተለች።

«ሸሆቹ፣ ብዙ አላደክምዎትም» አሉ እሜት ረውዳ እንደ አገሩ የአክብሮት አጠራር። «ይህ ኪስ ከእጅዎ ሲወጣ ንጹህ ነበር?»

«ቢስሚላህ ሳልል መርፌ አላነሳም» አሉ ሸሁ።

«እሱንማ አውቃለሁ። እንግዲያው ነገሩ ከሷ ነው» ብለው ተነሱ።

ዘይቱና «ወላሂ አልዋሸሁም» አለች። ሕፃኗ ከጀርባዋ ሆና አሻግራ ታያቸዋለች።

ሸህ ሙዘሚል መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ይቀመጡ፣ እሜት ረውዳ። ቢስሚላህ ማለቴን ነገርኩዎ እንጂ ንጹህ ነበር አላልኩም። አላጣራሁትማ።»

ጉርዱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና እጃቸውን ኪሱ ውስጥ ከተቱ። ፊታቸው አልተለወጠም። ትንፋሻቸው ግን ቆመ፤ ሁለቱም ሴቶች ይህን አይተዋል። እጃቸውን መንጭቀው አላወጡም። ረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆዩና ቀስ አድርገው ሳቡት፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚደረገው። «ኢና ሊላህ» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ መቀሱን አንስተው ኪሱን ተረተሩት።

ጨርቁ ቢጫ ጥጥ ነው፤ ዳር ዳሩ አረንጓዴ። ሲገለብጡት በውስጡ በኩል በሳሙና የተሰመረ የልጅ እጅ ወጣ። አራት ጣቶች አሉት። አውራ ጣቱ የለም፤ መቀስ ቆርጦታል።

«ይህ ታጥቧል?» አሉ ሸሁ።

«ደጋግመን አጥበነዋል» አለች ዘይቱና። ሳሙናው ግን ዛሬ የተሰመረ ይመስል ነበር።

ሸሁ ያን እጅ አወቁት። ከብዙ ዓመት በፊት ሰኪና የምትባል ጎመንና ቃሪያ ሻጭ ሴት፣ ዒድ ሲቃረብ ይህን ቢጫ ጨርቅ ይዛ መጥታ ነበር፤ ለልጇ ለሑስኒያ ጉርድ ሊሰፋበት። ሰኪና መርፌ አትችልም። ልጅቱ ደግሞ በአንድ ነገር ድርቅ ብላለች፤ ኪስ ያለው ይሁን፣ እጄ ሙሉ በሙሉ የሚገባበት። ሸሁ መዳፏን ጨርቁ ላይ አስተኝተው አሰመሩ፤ ሳሙናው ኮርኩሯት ሳቀች። ዒዱ ሳይደርስ ንዳድ ወሰዳት። ሸሁ ቀብሯ ላይ ቆመዋል፣ ዱዓ አድርገዋል። ጨርቁ እሳቸው ዘንድ ቀረ። እናቲቱ አልጠየቀችም፤ እሳቸውም ቁስሏን መንካት ነው ብለው አልመለሱላትም። ቆይ ትንሽ ትጽናና አሉ። ከርሞም ቆይ አሉ። መጀመሪያ በጨርቅ ጠቅልለው ለብቻው አስቀመጡት፤ ኋላ ቦታ ጠበበና ከቁራጩ ጥቅል ስር ገባ። አንድ ቀን ለኪስ የሚሆን ጠንካራ ጨርቅ ሲፈልጉ እጃቸው ላይ የወጣው እሱ ነው፤ በክፋት ሳይሆን ረስተው ቆረጡት።

«እሜት ረውዳ፣ ይህች ልጅ ንጹህ ናት» አሉ ሸሁ። «ይህ ጨርቅ የኔ አልነበረም። የሰው አማና ነው የቆረጥኩት።»

እሜት ረውዳ ደነገጡ፤ ቶሎ ብለው በሩን መለስ አደረጉት። «ምነው ሸሆቹ! ይህን ለማን ብለው ይናገሩታል? ጨርቁ ላይ ክፉ ነገር ነበረበት ይበሉና እናቃጥለው። እሷም ቤቷ ትቅር፣ ልጇንም ትያዝ፤ የርስዎም ስም አይነካ። ማንን ይጎዳል?»

«እናቃጥለው? የማንን ጨርቅ?»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ፈተናው በአንዲት ምስኪንና በስማቸው መካከል ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ ደህና ሰው ሁሉ ምስኪኗን ይመርጣል። ሸይጣን ግን ያን ያህል ሞኝ አይደለም። ሁሉም የሚድንበትን፣ ማንም የማያለቅስበትን፣ የሚያምር መንገድ አመጣላቸው። ጨርቁ ይቃጠላል፣ ሴትየዋ ቤቷ ትቀራለች፣ ሰውም ሸሁ ጂን አስወጡ ብሎ ክብር ይጨምርላቸዋል። እኔ በቦታቸው ብሆን ክብሪት እፈልግ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ሸህ ሙዘሚል ያን ዕለት የከሰዓቱ የአስር ሰላት እንደተሰገደ መስጊድ በተሰበሰበው ጀመዓ ፊት ቆሙ። «በእሜት ረውዳ ቤት ስላለችው ልጅ የተባለው ሁሉ ውሸት ነው» አሉ። «እሷ ላይ ምንም የለም። የሰው አማና ቆርጬ ኪስ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ያማት ሰው አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ይበላት። እኔ ዘንድ አማና ያለው ደግሞ ይምጣና ይውሰድ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዎች አንድ በአንድ መጡ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። አንዱ ዘመድ መጥቶብኝ ነው ይላል፤ ሌላው ቤቱን ላድስ ብዬ ነው ይላል፤ ቁልፉን ተቀብሎ ፊታቸውን ሳያይ ይሄዳል። እሳቸውም ለእያንዳንዱ አላህ ይባርክልህ ብለው ሰጡ። ግድግዳው ላይ የነበሩት ሚስማሮች ባዶአቸውን ቀሩ። ያሳዝናል፣ እውነቱን ለመናገር። እሜት ረውዳ ግን ለዘይቱና አለቀሱላት፤ ጓዟንም መልሰው ፈቱት።

ቢጫው ጨርቅ ግማሹ ብቻ ነበር። ሸሁ ሲያስታውሱ፣ ሌላውን ግማሽ ለእሜት ጦይባ ሱሪ ኪስ አድርገውታል። እሜት ጦይባ ወልደው የማያውቁ፣ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። ሸሁ ደጃቸው ሲደርሱ አሮጊቷ አንድ እጃቸውን በቀሚሳቸው ቅዳድ በኩል ሱሪው ኪስ ውስጥ ከትተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የመጡበትን ነገሯቸው። እሜት ጦይባ እጃቸውን አላወጡም።

«ወስደው የት ሊያደርጓት ነው?» አሉ።

ሸሁ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ከለበስኩት ጀምሮ አውቃለሁ» አሉ አሮጊቷ። «መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ኋላ ግን ገበያም ስሄድ፣ መንገድም ስወጣ፣ ስትይዘኝ ለመድኳት። ማንም ይዞኝ አያውቅም፣ ሸሆቹ። ክፉ ነገር ብትሆን እስካሁን ክፉ ባየሁ።»

«እናት አላት፣ እሜት ጦይባ።»

አሮጊቷ ወደ ውስጥ ገብተው ሱሪውን ለውጠው አምጥተው ሰጧቸው። «ብቻዎን አይሄዱም፣ አብሬዎት እሄዳለሁ» አሉ። ሸሁም ያን ኪስ ተረተሩት። ውስጡ አንዲት አውራ ጣት ተሰምራበታለች።

ሰኪና የምትኖረው በግንቡ ጥግ ነው። አሁን ጸጉሯ ሸብቷል። ሸሁ ሁለቱን ቁራጭ ፊቷ አስቀመጡና የሆነውን አንድም ሳይደብቁ ነገሯት።

«አንቺን ላለማሳዘን ብዬ ነው ያላመጣሁት እል ነበር» አሉ። «ውሸት ነው፣ ሰኪና። ፊትሽን ማየት ፈርቼ ነው። ፍርሃቴን እዝነት እያልኩ ስጠራው ኖርኩ። አውፍ በይኝ።»

ሰኪና ሁለቱን ቁራጭ አገጣጠመች። እጁ ሙሉ ሆነ። መዳፏን በላዩ ዘርግታ ሳትነካው ቆየች። የተናደደች አትመስልም፤ ይህ ይበልጥ ያስፈራል።

ቀና ብላ እሜት ጦይባን አየቻቸው። «እንዴት አድርጋ ነው የምትይዝዎት?»

እሜት ጦይባ ጠጋ ብለው የሰኪናን ትንሿን ጣትና ቀጥላ ያለችውን፣ ሁለቱን ብቻ፣ ጭብጥ አደረጉ።

ሰኪና ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። «በሌሎቹ ቅርጫት ስለምይዝ» አለች፤ «ለእሷ የተረፉላት እነዚህ ነበሩ።» ከዚያ ወደ ሸሁ ዞረች። «ጨርቁን አውፍ ብያለሁ። ግን ያኔ ቢያመጡልኝ ኖሮ እኮ፣ ሸሆቹ፣ እጇን አይ ነበር። ምን ያህል እንደነበረች ረስቻት ነበር። መጠኗን ለማስታወስ ስታገል ነው የኖርኩት፤ እርስዎ ዘንድ ተጠቅልላ ተቀምጣለች።»

ሸሁ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ማንም ኪሱ ውስጥ ከራሱ እጅ በቀር ያገኘ የለም። እሜት ጦይባ ሰኪና ቤት ማዘውተር ጀመሩ፤ ቅርጫቱንም አንዳንዴ በአንድ በኩል ይይዙላታል። ሸህ ሙዘሚል መስፋታቸውን አልተዉም፤ ነገር ግን የቁራጭ ጥቅላቸውን በየቤቱ ይዘው ዞረው ባለቤቶቹን ሁሉ አስፈቀዱ። ከጀመዓው አንዱ ቆይቶ ደፍሮ ጠየቃቸው፦ «ሸሆቹ፣ ኪሱ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው? ጂን ነው? የልጅቱ ሩሕ፣ ነፍሷ ናት?»

«የሩሕን ነገር ጌታዬ ያውቃል፤ እኔ ሰፊ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም፦ «አማናን የያዝነው እኛ ይመስለናል። እስክናስረክበው ድረስ የያዘን እሱ ነው።»

ወገኖቼ፣ የሞተ ይመለሳል ወይ ብላችሁ ጥያቄ እንዳትልኩልኝ፤ ወላሁ አዕለም፣ አላህ ያውቃል፣ ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። እኔን ያስፈራኝ እጇ አይደለችም። እጇ ማንንም አልጎዳችም። ያስፈራኝ የሸሁ መልካም ስም ነው። እሳቸው ቃል ሳይተነፍሱ፣ ስማቸው ብቻውን ተነሥቶ አንዲትን እናት ከልጇ ሊለይ ምንም አልቀረውም ነበር። ደግ መባላችን ማን ላይ ከሳሽ ሆኖ እንደቆመ አናውቅም። ሸህ ሙዘሚል ሲያውቁ ስማቸውን ጣሉት፣ ሴትየዋንም አነሱ። ትልቅነታቸው ይህ ነው።

ሌላው ሰኪና ያለችው ነው። አላህ አማናን ለባለቤቱ አድርሱ ብሎ ሲያዘን፣ ባለቤቱ ያዝናል ብላችሁ ስትገምቱ ተዉት አላለም። የሟች ጓደኛህ ልብስ እቁም ሣጥንህ ውስጥ አለ፤ እናቱን አላስለቅስም ትላለህ። የሞተችው እህትሽ ድምፅ ስልክሽ ውስጥ አለ፤ ልጆቿ ገና ናቸው ትያለሽ። እነሱ ግን ማታ ማታ ያን ፊት፣ ያን ድምፅ ለማስታወስ ይታገላሉ፤ አንተ አዝነህላቸው ቆልፈህበታል። እዝነት ቢሆን ኖሮ ሄደህ አብረህ ታለቅስ ነበር።

አስር ተሰግዷል፤ የማምሻው መግሪብ ገና ነው፤ መንገዱም ሩቅ አይደለም። ተነሡና የሰውን ለሰው አድርሱ። በልጅ አትላኩት፣ በር ላይም ጥላችሁ አትመለሱ። ገብታችሁ ተቀመጡ፣ ፊታቸውንም እዩ። አላህ ያግራልን፣ ያቅልልን።